አንጎሉ የተጎዳ ሰው አያያዝ

የአንጎል ጉዳት ለሁሉ አንድ ስላልሆነ አያያዙም አንድ ሊሆን አይገባም። ለምሳሌ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን እንፍራንዝን እንውሰድ። በሽተኛው ጎንደር ሆስፒታል ታክሞ ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የሚያስታምሙት ቤተ ሰቦቹ ስለ ሆኑ ማገገሙ በእነርሱ ዕውቀት ላይ ይወድቃል።

አንደኛው ስትሮክ ነው። ይኸውም የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ የአካልን አንድ ጎን ያዝላል። የዛለውን ክንድ ይዞ በሽተኛውን መሳብ ትከሻውን ያወልቃል። ከአልጋ የማይነሣውን ገላው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሲበላም ትን እንዳይለው ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። እጁ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሽምብራ መልቀምን የመሰለ ቀላል ሥራ ዕለት ዕለት ማሠራት ይጠቅመዋል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. «ታን» ከማለት በቀር መናገር የተሳነው ሰው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ በግራው የፊት ክፍል ጉዳት አገኘ። ሰውየው ግን የሚነገረውን ይረዳ ነበር። እንግዲህ አንደበቱ የተያዘውን ሁሉ ልቡን እንዳጣ አንቍጠረው፤ በራስ ንቅናቄ የሚመልሰውን አጭር ጥያቄ እንጠይቀው።

ሁለተኛው በመኪና አደጋ ወይም በዱላ የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደኅና እየተራመደ ነገር ይረሳል፣ ያለ ምክንያትም ይቈጣል። ጎረቤቱ «ጠባዩ ከፋ» ይለዋል፤ ነገሩ ግን ከጉዳቱ የመጣ ነው። ለእርሱ ጸጥታ፣ የተወሰነ የእንቅልፍ ሰዓትና አንድ በአንድ የሚነገር ትእዛዝ ይስማማዋል።

ሦስተኛው እንደ ማጅራት ገትር ካለ በሽታ የሚተርፍ ነው። ጆሮው ከደከመ ፊት ለፊት ሆኖ መናገር ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ ከያዘውም ጠበል ቢሄድ እንኳ የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም።

የጎንደር ዩኒቨርስቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርስ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ዛሬም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ሆኖም ባለሙያ በየቤቱ ዕለት ዕለት ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ይህን ለሚያስታምሙ እናቶችና እኅቶች ብናስረዳ አንዱን ሰው ከአልጋ ለማስነሣት እንረዳለን።