ወተቱ ከመከሰሱ በፊት

በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሚኒያፖሊስ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ አንድ ለየት ያለ ሙከራ ተደረገ። የተመረጡት 30 ሰዎች ሁሉም «ወተት አይስማማኝም» ባዮች ነበሩ። ቡና ላይ ጠብ የምትል ወተት እንኳ ሆድን ታምሳለች ብለው ከሚምሉት ወገን ናቸው። ተመራማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከቁርስ ጋር 240 ሚሊ ሊትር የተለመደ ወተት፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ስኳሩ አስቀድሞ የተፈጨ ወተት አጠጧቸው። ጣዕሙ እንዳይለይ ተደርጎ ስለተዘጋጀ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰጪውም ጠጪውም አያውቅም ነበር። በሁለቱ ሳምንታት መካከል ይህ ነው የሚባል የሕመም ልዩነት አልታየም። ይባስ ብሎ ከሠላሳዎቹ ዘጠኙ በምርመራ ሲታዩ የወተትን ስኳር በደንብ የሚፈጩ ሆነው ተገኙ።

ሰዎቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ሆዳቸውን በእርግጥ ያማቸው ነበር። የተሳሳቱት ጥፋተኛውን በመለየት ላይ ነው። ተሳታፊዎቹ በዕድሜ የገፉ አልነበሩም፤ ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው ግን በዕድሜ የገፉትን ነው፤ ምክንያቱም ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ሆድን የሚያውኩ ነገሮችም አብረው ይበዛሉ።

ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ግሉኮስና ጋላክቶስ ከተባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች የተገጣጠመ ነው። ሁለቱን የሚለያየው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም ሲሆን የሚመነጨውም በትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ላክቴዝ ካነሰ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ተቅማጡ ከዚህ ነው። ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል፤ መነፋቱ፣ ማጉረምረሙና ፈሱ ከዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የምዕራባውያን ሐኪሞች ትልቅ ሰው ወተት መፍጨቱን የተፈጥሮ ሕግ፣ አለመፍጨቱን በሽታ አድርገው ያዩት ነበር። ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያንን ሲያነጻጽሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከጥቁሮቹ አብዛኞቹ ላክቶስ አይፈጩም ነበር። ዛሬ ከዓለም ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደዚያው እንደሆኑ ይገመታል። እንግዳ የሆነው የሚፈጨው ነው፤ እሱም በብዛት የሚገኘው ለብዙ ሺህ ዓመታት ከከብት ጋር በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ነው። ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቻቸው በ2007 ያሳተሙት ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ ለዚህ ያበቃው የዘር ለውጥ ከአውሮፓውያኑ የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ በአንዲት አገር በርካታ ዓይነት ለውጦችን ጎን ለጎን አገኘ። ስለዚህ «ሐበሻ ወተት ይስማማዋል» ወይም «አይስማማውም» ብሎ በደፈናው መናገር አያስኬድም። ወንድምና እህት እንኳ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ላክቴዝ የሚቀንሰው በእርጅና ሳይሆን በልጅነት፣ ጡት ከተጣለ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እስከ 65 ዓመታቸው ጠዋት ጠዋት ወተት ሲጠጡ የኖሩ ሰው ድንገት ወተቱ ካልተስማማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው ሌላ ምክንያት አለ። አንዱ ጃርዲያ ነው። ይህ ጥገኛ ተውሳክ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳ ላክቴዙን ለጊዜው ያሳጣል፤ በመድኃኒት ከተወገደ በኋላም ወተት ለሳምንታት ላይስማማ ይችላል። ለብዙ ዓመታት በስኳር በሽታ የኖሩ ወይም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ደግሞ ትንሹ አንጀታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ከልክ በላይ ሊራባ ይችላል። ምልክቱ ከላክቶስ ችግር ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ የመድኃኒት ከረጢቱ አለ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን በተለይ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨምር ያስቀምጣል። የጨጓራ ማስታገሻ ፈሳሾች እንደ ይዘታቸው ይለያያሉ፦ ማግኒዚየም ያለበት ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየም ያለበት ያደርቃል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን እንክብል፣ ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ቬራፓሚል ሆድ ያደርቃሉ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም በየቀኑ የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ። አንድ አረጋዊ እነዚህን አራት አምስት አድርገው በየቀኑ እየዋጡ ወተቱን ብቻ ሲወነጅሉ ፍርዱ ሚዛኑን ስቷል።

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለውም እንዲሁ በየቤቱ የሚሰማ፣ ብዙ ነገር የሚሸፍን አባባል ነው። ጨጓራ ሁሉ የበርበሬ ጥፋት አይደለም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ራሳቸው ጠጥተው ጨጓራቸው እንዲታመም አደረጉ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሰው የሚድነው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በሚሰጥ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዙ ለዓመታት መዋጥ ግን ሕመሙን አስታግሶ ምክንያቱን ይደብቃል፤ ሲቆይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያስከትል ይችላል።

ሌላው ተጠርጣሪ ከምጣዱና ከድስቱ አጠገብ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ ፍሩክታን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህን የሚፈጭ ኢንዛይም ያለው ሰው በዓለም ላይ የለም። የምስር፣ የአተርና የሽምብራ ጋዝ አምጪ ስኳሮችም እንደዚሁ ናቸው። ሁሉም ሰው ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ያብላላቸዋል፤ አንዱ ምንም አይሰማውም፣ ሌላው ግን ይነፋል። ሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እነዚህን ሁሉ ከላክቶስ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጠው ለተረበሸ አንጀት የሚሆን አመጋገብ አዘጋጅተዋል። ሽንኩርት በኪሎ ከሚቁላላበት ማዕድ ተነስቶ ማኪያቶ የጠጣ ሰው «ወተቱ ነው» ቢል አይፈረድበትም፣ ግን ሊሳሳት ይችላል። መላ አለው፦ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል ሆድ ላይ ቀለል ይላል፤ ፍሩክታን በዘይት ስለማይሟሟ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ሳይከትፉ በዘይት ጠብሶ ማውጣትና በዘይቱ ብቻ ማብሰል ይቻላል።

ወተቱ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ወሳኙ መጠን ነው። ላክቶስ የማይፈጩ ሰዎች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ 12 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ይችላሉ፤ በተለይ ከምግብ ጋር። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ የሄዱ እናት አዲስ አበባ ሳሉ በትንሿ ብርጭቆ ማኪያቶ ሲጠጡ ምንም አይሰማቸውም ነበር። እዚያ «ላቴ» ተብሎ የሚቀርብላቸው ግን ትልቅ ኩባያ ሙሉ ወተት ነው። ሆዳቸው ቢያጉረመርም የአሜሪካ ወተት ስለተለየ ሳይሆን ስለበዛ ነው።

ለጾመኞች ደግሞ ፋሲካ አለ። ላክቶስ በየቀኑ በጥቂቱ የሚያገኝ ትልቅ አንጀት ባክቴሪያዎቹ ቀስ በቀስ ይለማመዱታል፤ ሲቋረጥ ግን ልምዱ ይጠፋል። ከ55 ቀናት ሁዳዴ በኋላ በአንድ ቀን ወተቱን፣ አይቡንና የቅባት ምግቡን ደርቦ መውሰድ ለሽማግሌ አንጀት ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት እርጎ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወተት መጨመር ይሻላል።

እርጎ የሚሻለው የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ የተወሰነውን ስለሚጨርሱና አንጀት ውስጥም ላክቴዝ ስለሚለግሱ ነው። አይብ አብዛኛው ላክቶሱ ከአጓቱ ጋር ይሄድለታል። ንጥር ቅቤ ላይ የቀረ ላክቶስ እዚህ ግባ አይባልም፤ ቅቤ ሆድ ካወከ ምክንያቱ ስቡ ነው። የግመልና የፍየል ወተት ላክቶስ የለውም የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው። የዱቄት ወተትም ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ላክቶስ ነው። ላክቶስ የሌለው ወተት የሚጣፍጠው ስኳር ተጨምሮበት ሳይሆን ግሉኮስና ጋላክቶስ ተለያይተው ከላክቶስ ስለሚጣፍጡ ነው፤ የስኳር ሕመምተኞችም እንደ ተራ ወተት ይቁጠሩት።

ወተትን ጨርሶ መተው በዕድሜ ለገፉ ሴቶች ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ መመሪያ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመክራል፤ ካልሲየም ያጣ አጥንት ደግሞ በትንሽ መውደቅ ይሰበራል። ጤፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን ከፊሉን ይተካሉ።

ጥፋተኛውን ለመለየት ርካሹ መንገድ ወተት ነክ ነገሮችን ለሁለት ሳምንት ትቶ፣ የበሉትንና የተሰማቸውን በደብተር እየጻፉ፣ ከዚያ መልሶ መሞከር ነው። የተሻለ ምርመራ በሚገኝበት አገር ላክቶስ ተጠጥቶ በትንፋሽ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ይለካል። ሽንኩርቱንና ምስሩን በዚያው ሰሞን መቀየር ግን ፈተናውን ያበላሻል፤ ተራ በተራ ይሁን።

በደብተር የማይፈታም አለ። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ከ50 ዓመት በኋላ የተለወጠ የአንጀት ልማድ ካለ ወተቱን መሞከር ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጥቁር ሰገራም እንደዚሁ ነው፤ አይረን የሚውጡ ሰዎች ግን ሰገራቸው በእንክብሉም ስለሚጠቁር ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።