የቼዝ መክፈቻ ትምህርትን እንዴት እንመዝን?

ወግዲ ላይ ሆኖ ቼዝ ለሚማር ወጣት፣ ካርድ ሞልቶና ኔትወርክ ጠብቆ ያወረደው ቪዲዮ ገለባ ሆኖ ሲገኝ ያንገበግባል። ፍሬውን አስቀድሞ መለየት ግን ይቻላል።

መመዘኛው ከራሳችን ባህላዊ የቼዝ ዓይነት፣ ከሰንጠረዥ ይገኛል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። «ወረራ» በሚባለው ክፍል የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያሰልፋሉ። እዚያ ሽምደዳ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ ማሰብ ነው። ጥሩ የቼዝ መክፈቻ ትምህርትም ይህንኑ ያስተምራል።

1. ምክንያቱን ፈልጉ። የጣልያንን መክፈቻ ውሰዱ፦ ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5፤ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ወደ ሲ6፤ ከዚያ የነጭ ቢሾፕ ወደ ሲ4። ጥሩ አስተማሪ ቢሾፑ ኤፍ7ን እንደሚያነጣጥር፣ ያንን ቤት ደግሞ ንጉሡ ብቻ እንደሚጠብቀው ይነግራችኋል። እርምጃ ብቻ የሚደረድረውን እለፉት።

2. «ባላጋራዬ እንቢ ቢልስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያው አቋም ጥቁር ፈረሱን ወደ ዲ4 ቢያስገባ፣ ኢ5 ላይ ያለው ወታደር ነጭን ያጓጓል። ነጭ በፈረሱ ከበላው የጥቁር ንግሥት ጂ5 ላይ ወጥታ ፈረሱንና ጂ2ን በአንድ ጊዜ ታስፈራራለች። ነጭ ግን ወታደሩን ትቶ ዲ4 ላይ ያለውን ፈረስ ቢበላ የተሻለ አቋም ይይዛል። ወጥመዱን አሳይቶ መውጫውን የደበቀ ትምህርት ግማሽ ነው።

3. ቀጣዩን እዩ። መክፈቻው ሲያልቅ በየት በኩል እንደሚጠቃና የትኛው ጠጠር ወዴት እንደሚሄድ በሙሉ ጨዋታ ካላሳየ ጎዶሎ ነው።

4. በስቶክፊሽ ፈትኑ። ይህ የቼዝ አቋም የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ከትምህርቱ ሁለት ሦስት አቋም መርጣችሁ አስሉበት። ስሕተቱን ያሳያችኋል፤ ምክንያቱን ማስረዳት ግን የአስተማሪው ድርሻ ነው።

5. በራሳችሁ ላይ ፈትኑ። ትምህርቱን ዝጉና ሰሌዳ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን እርምጃ ከነምክንያቱ ለጓደኛ አስረዱ። ከዚያ ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፤ ባላጋራችሁ ከተማራችሁት ሲወጣ የቱ ጋ እንደ ሆነ መዝግቡ።

በዚያች ቦታ ላይ ትምህርቱ ለማሰብ ከረዳችሁ ያዙት። እጃችሁን አስሮ ካስቀራችሁ ሰርዙትና ለተሻለው ቦታ ልቀቁ።