ትዕቢት መሪን እንዴት ይጥላል? የንጉሥ ክሬዎን ታሪክ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ትራጄዲ ነው። ትራጄዲ በሐዘን የሚያልቅ ድራማ ነው። ሐዘኑ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከሰማይ ዱብ አይልም፤ ዋናው ሰው ራሱ ይጠራዋል።

ለምሳሌ «አንቲጎኒ»ን እንውሰድ። የጻፈው ሶፎክለስ የሚባል የግሪክ ደራሲ ነው። አቴንስ ውስጥ ለመድረክ የበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ነው። ሶፎክለስ ከ120 በላይ ድራማዎች ጽፎ፣ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ብቻ ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በቴብስ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች በሥልጣን ተጣልተው በጦርነት ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። ለከተማዋ የተዋጋው ኤቴዎክለስ በክብር ተቀበረ። የውጭ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኒከስ ግን እንዳይቀበር፣ የቀበረውም በሞት እንዲቀጣ ንጉሡ አዋጅ አወጣ። እህታቸው አንቲጎኒ ወንድሟን ለአሞራ መተው አልሆነላትምና አፈር አለበሰችው። ተያዘች።

ልብ በሉ! ክሬዎን ሲጀምር ክፉ ሰው አልነበረም። ከጦርነት የወጣችን ከተማ ሥርዓት ማስያዝ ፈልጎ ነው። የጎዳው «አልታረምም» ማለቱ ነው። ለመታረም ስንት ዕድል እንዳገኘ እስቲ አብረን እንቁጠር።

1ኛ፦ አንቲጎኒ ራሷ የሰው አዋጅ ከአማልክት ሕግ እንደማይበልጥ ፊት ለፊት ነገረችው። እሱ ግን በሴት መሸነፍን እንደ ውርደት ቆጠረና ሞት ፈረደባት።

2ኛ፦ የአንቲጎኒ እጮኛ የሆነው ልጁ ሄሞን በአክብሮት ቀረበው። ሕዝቡ ለልጅቷ እያዘነ፣ ንጉሡን ስለሚፈራ ብቻ ዝም ማለቱን ነገረው። ክሬዎን ከልጅ ምክር አልቀበልም ብሎ ተቆጣ። አንቲጎኒንም ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ አዘጋባት።

3ኛ፦ ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ ሟቹ እንዲቀበር መከረው። ክሬዎን ጉቦ በልተሃል ብሎ ሰደበው። ነቢዩ በቤቱ ሐዘን እንደሚገባ ተናግሮ ሲሄድ ግን ደነገጠ።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹን ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷን አውጣ፣ ሟቹንም ቅበር አሉት። እሱ ሬሳውን አስቀድሞ ቀብሮ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኒ ሞታ ነበር። ሄሞንም በሐዘን ሞተ፤ ይህን የሰማችው እናቱም እንዲሁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይሄ ነው።

ኩራትና ትዕቢት አንድ አይደሉም። በሥራችን፣ በቋንቋችን ብንኮራ ጥሩ ነው። ትዕቢት ግን ጆሮ ይደፍናል። የተራ ሰው ትዕቢት ራሱንና ጥቂቶችን ይጎዳል፤ የመሪ ትዕቢት ግን ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ደግሞም ሰው ስለሚፈራው እውነቱን የሚነግረው ያጣል።

አዳዲስ ቃላት
አዋጅ፦ ለሕዝብ የሚነገር የመንግሥት ትእዛዝ
እጮኛ፦ ለጋብቻ የታጨ ወይም የታጨች
ትዕቢት፦ ራስን ከሰው ሁሉ በላይ ማድረግ

የቤት ሥራ
1. ክሬዎን በየትኛው ዕድል ቢጠቀም ይሻል ነበር? ለምን?
2. የክፍል አለቃ ብትሆኑ፣ ጓደኛችሁ «ተሳስተሃል» ወይም «ተሳስተሻል» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ወላጆች፣ ሁለተኛውን ዕድል እባካችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት። እዚያ ላይ የሚነጋገሩት ንጉሥና ተገዢ ብቻ ሳይሆኑ አባትና ልጅ ናቸው። ልጅ በአክብሮት አባቱን ማረም ይችላል ወይ? እራት ላይ ተወያዩበት፤ እነሱ ሲናገሩም እስኪጨርሱ አዳምጧቸው።

መልካም ሳምንት!