ሃምሳ ከመቶ ምን ይለካል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመንዝ ደጋ ሲታይ

የ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ የአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ የሆነው የወደቁት ብዛት ነበር። ለቀሩት 866,611 ተማሪዎች ውጤቱ ስለ ራሳቸው ምን ነገራቸው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተነሣም። ከመሐል ሜዳና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ለመጣ ተማሪ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

በቀደመው ሥርዓት የመቁረጫ ነጥቡ የሚወሰነው ፈተናው ከታረመ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው የቅበላ ቦታ ልክ ነበር። ተማሪው የሚመዘነው ከተማሪ ጋር ነው። ከ2014 ፈተና ወዲህ ግን ማለፊያው አስቀድሞ የታወቀ ቋሚ ልክ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ እስከ መሰረዝ ያደረሰው የስርቆት ችግር ለማስወገድም ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። የመጀመሪያው ዙር የተጀመረው መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ይህ እርምጃ የውጤቱን ታማኝነት እንደጨመረ አያከራክርም። የተገቢነት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ያልተሰረቀ ፈተና ሁሉ የታሰበውን ነገር ይለካል ማለት አይደለምና።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ጥያቄዎቹ አራት አማራጭ ያላቸው የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። ከመቶ ጥያቄ 34ቱን በትክክል የሚያውቅና የቀሩትን 66 በግምት የሚሞላ ተማሪ ከግምቱ 16 ወይም 17 ያህል ያገኛል፤ ድምሩም ሃምሳ ይሆናል። እንግዲህ ሃምሳ ከመቶ የእውቀቱ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሲሶው የቀረበ ነው። ምንም የማያውቅ ተፈታኝ በአማካይ 25 ያመጣል፤ የዕድል መዋዠቁም ወደላይና ወደታች አራት ነጥብ ከሩብ ያህል ነው። የ2015 ፈተና አገራዊ አማካይ ውጤት 30 ከመቶ እንኳ አለመድረሱ ሲታሰብ፣ አብዛኛው ተፈታኝ ያረፈው ፈተናው እውቀትን ከዕድል ለይቶ ሊያሳይ በማይችልበት ወለል ላይ ነው። 22 ያገኘውና 28 ያገኘው በአንድ የትምህርት ዓይነት በእርግጥ ይበላለጣሉ ለማለት ማስረጃ የለም። (ስሌቱ ተማሪው ወይ ፈጽሞ ያውቃል ወይ ፈጽሞ ይገምታል ብሎ ያቃልላል፤ ግማሽ እውቀት ያለው በአሳሳች አማራጭ ተስቦ ከግምት በታች ሊወርድም ይችላል።)

መንዝ ላይ ይህ ወለል የራሱ መልክ አለው። ከገጠር የሚመጣው ተማሪ መሐል ሜዳ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ ይማራል። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ቆይቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ የፊዚክስ ጥያቄ ሲሳሳት የሳተው ፊዚክሱን ይሁን ቋንቋውን ውጤቱ አይለይም። ደጋው በበልግ የሚታመን አገር ነው፤ የበልግ ገብስ የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ፣ ፈተናው በሚቃረብበት ወራት ነው። ለፈተናም በሞላሌና በጣርማ በር በኩል የደጋውን መንገድ ተጉዞ፣ ስልክ በማይገባበት ግቢ ከማያውቃቸው ጋር ያድራል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በብዙ ትምህርት ቤቶች መማር ማስተማሩን ማቋረጡም ሊዘነጋ አይገባም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልለው ይገባሉ።

ቀድሞ ይህ ተማሪ አንድ መውጫ ነበረው። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ወደ መሰናዶ የሚያልፈውንና ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄደውን ይለይ ነበር፤ መለያየቱ ያለ ዕድሜ ነው ተብሎ ሲተች ቆይቶ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ። ትችቱ ትክክል ነበር። ሆኖም የእሱ ሸክም በሙሉ በአሥራ ሁለተኛው ላይ ተጫነ፦ ማጠናቀቂያም፣ መቀበያም፣ በተዘዋዋሪም የሙያ መመሪያ። ሃምሳ ያላገኙት መካከል የተሻለ ያመጡት በአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) መርሐ ግብር ለጥቂት ወራት ተምረው ዳግም ይፈተናሉ፤ ምርጫው ግን የሚካሄደው ፈተናው በሚደክምበት በዚያው የታችኛው እርከን አካባቢ ነው። ወደ መሐል ሜዳ የሚመለሰው ደግሞ በእጁ የያዘው ወረቀት በስሌት ይሻል እንደሆነ፣ ማንበብ ይጎድለው እንደሆነ፣ ለኤሌክትሪክ ወይስ ለእንስሳት ሕክምና ሥልጠና ይበጅ እንደሆነ አይነግረውም።

በ2017 ፈተና ያለፉት ከ585,882 መካከል 48,929፣ ማለትም 8.4 ከመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ የጥያቄዎቹ ክብደት ከዓመት ዓመት በጋራ ጥያቄዎች ተመጣጥኖ ካልተሰላ ግን ጭማሪው ከተማሪው ጥረት ይምጣ ከፈተናው መቅለል መለየት ያስቸግራል። ይህንን ለመለየት የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። በየዓመቱ የሚደጋገሙ ጥቂት ምስጢራዊ ጥያቄዎች፣ በየትምህርቱ ለታችኛው እርከን የሚመጥኑ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ጥያቄዎች፣ እንዲሁም ለተማሪው ከጠቅላላ ድምር ሌላ በየችሎታው የተዘረዘረ ውጤት ይበቃሉ።