ጎንደር፣ ኪዮቶና የእኛ ሰፈር

ከተማ በሰፈር ተከፍሎ እንዴት እንደሚተዳደር በክፍል ተምረን ያገኘነውን እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጃፓን የድሮ ዋና ከተማ ኪዮቶ በ794 ተመሠረተች። ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ካሚግዮና ሺሞግዮ፣ በ1879 ተቋቋሙ፤ የላይኛውና የታችኛው መዲና እንደማለት ነው። እኛን በጣም የገረመን ግን በ1869 የየሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ 64 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መክፈቱ ነው። የአገሪቱ የትምህርት ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1872 ነው።

ጎንደርን አፄ ፋሲል በ1636 ቆረቆሯት። በጎንደር ሰፈር የሚከፈለው በሃይማኖትና በሥራ ነበር። እጨጌው እጨጌ ቤት፣ ጳጳሱ አቡን ቤት፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ አዲስ ዓለም ይኖሩ ነበር። ቤተ እስራኤልም የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ የሰፈሩ ስም ሰዎች እኛን ይሰድቡበት ከነበረው ስም የመጣ ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ። ለግንበኝነት፣ ለአናጢነትና ለብረት ሥራ ግን ቤተ እስራኤል ይፈለጉ ነበር! አብሮ መሥራት ይቻላል፣ አብሮ መኖር አይቻልም ማለት ነው፤ ይህ ለእኛ ትክክል አይመስለንም።

ቀበሌ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ መታወቂያም ስኳርም ከቀበሌ ሆነ። አብዛኞቹ ቤተሰቦቻችን ግን የገጠር ሰዎች ስለነበሩ የሚያውቁት የገበሬ ማኅበርን ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የመሬት አዋጅ ብዙ ቤተ እስራኤል ከጭሰኝነት ወጥተው የሚያርሱት መሬት አገኙ። አዲስ አበባ በ2003 በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች፤ በ2020 ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆኑ፣ ልክ እንደ ኪዮቶ።

ኢየሩሳሌም ግን እንዲህ አይደለችም። የከተማው ምክር ቤት 31 አባላት የሚመረጡት በመላው ከተማ ነው፤ ቂርያት መናሔም ለብቻዋ ወንበር የላትም። ለሰፈር ቅርብ የሆነው ሚንሃል ቀሂላቲ ነው፤ የእኛው ከዒር ጋኒም ጋር አንድ ነው። የልጆች ሑግ፣ የአረጋውያን ክበብ፣ ስለ ሰፈሩ የግንባታ ዕቅድ አስተያየት፣ ይህ ሁሉ እዚያ ይታያል። ብዙ ወላጆቻችን ግን ስብሰባው በዕብራይስጥ ስለሆነ ይቀራሉ። በሰፈሩ ውስጥ ብዙዎች ሆነን ሳለ በስብሰባው ላይ ጥቂቶች መሆናችን ያሳስበናል። እባካችሁ ኑ፤ አብረናችሁ ተቀምጠን እንተረጉማለን፣ ደብዳቤም ካስፈለገ እንጽፋለን።

ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የተወለዳችሁበትን መንደር፣ የገበሬ ማኅበሩን ወይም የቀበሌውን ስም ንገሩን። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ላይ እንጽፈዋለን፤ የጎንደር ዙሪያ ገና ባዶ ነው።