ከቆርኪና ከካርቶን

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ላስተምር ብፈልግም መሣሪያ የለንም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ልጆቹ ከካርቶን፣ ከቆርኪና ከእንጨት ስንጥር መኪና ይሥሩ። ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1990 በብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቷ ያስገባችው እንግሊዝ መንደፍን፣ መሥራትንና መገምገምን አትነጣጥልም፤ እርስዎም አይነጣጥሉ። መጀመሪያ «ለማን? ምን እንዲጭን?» ብለው ይጠይቁና በወረቀት ያስነድፏቸው። ቆርኪውን በሚስማር መብሳት የእርስዎ ድርሻ ይሁን።

ቀዳዳው ከመሀል ከሸሸ መኪናው ይንገዳገዳል፤ ስንጥሩ ከካርቶኑ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ጎማው አይዞርም። እባክዎ ቶሎ ብለው አያርሙላቸው! ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉት፤ ዋናው ትምህርት እዚያ ላይ ነው። ከተቸገሩ ስንጥሩን በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ማሳለፍን ያሳዩዋቸው። ማርክ ሲሰጡም ከመኪናው ውበት ይልቅ ልጁ ምን አይቶ ምን እንዳሻሻለ ይመልከቱ።