የከሰል ፍም ቤት ዘግቶ ስለ መተኛት

በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ሐይቅ ከተማ ላለው ሰው እንኳ ይሰማዋል፤ በአምባሰል ደጋ ለሚኖረውማ ከባድ ነው። እናት ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ቡና የተፈላበትን ማንደጃ ከነፍሙ ወደ መኝታ ታስጠጋለች፤ በሩን ትዘጋለች፤ የግድግዳውን ስንጥቅ በጨርቅ ትወትፋለች። አሳቧ ደግ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ቤተ ሰብ ሙሉ ተኝቶ የሚቀረው በዚሁ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። የእንጨት ጭስ ቢሆን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰውም ተነሥቶ በሩን ይከፍትለታል፤ ይኼኛው ግን ሳይታወቅ ይገባል። ከደም ጋር ይጣበቅና ሰውነት ንጹሕ አየር እንዲያጣ ያደርጋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ብዙዎች «ፍሙ ጠርቷል፣ ጭስ የለውም፣ ምን ያደርጋል?» ይሉናል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የጠራ ቀይ ፍምም መርዙን ያወጣል፤ ዐመድ የለበሰውም ያወጣል። የኩበት ፍምም ያው ነው። ዕጣን ቢያጨሱበት የቤቱን ሽታ እንጂ መርዙን አይለውጥም፤ አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያስቀረውም።

የአራስ ቤት ይበልጥ ያሳስበናል፤ በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ እሳቱ ቀን ከሌት አይጠፋምና። ነፍሰ ጡርም ብትሆን መርዙ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። አንዳንድ ቤት «መጋኛ ነው» ተብሎ በሩ ይብሱን ይዘጋል። እባካችሁ፣ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ወተትም በአፉ አታድርጉለት። በጎኑ አስተኙትና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ እዚያም ከሰል ቤት ውስጥ እንደ ነበር ንገሩ።

ታዲያ ብርዱስ? ማንደጃው ሲወጣ ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን። መደቡ ላይ ገለባ ጎዝጉዛችሁ ቁርበት አንጥፉ፤ ብርዱ ከታችም ይገባልና። ልጆቹን አንድ ላይ በጋቢና በቡሉኮ ሸፍኑ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ፤ ቤት ከገባም በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን። መብራት ያለው ቤትም መብራት በጠፋ ማታ ይህንኑ ያድርግ።

ማንደጃውን ማን እንደሚያወጣ ገና ቡናው ሳይፈላ ተነጋገሩ፤ እንቅልፍ ከመጣ በኋላ ሁሉም ሌላውን ነው የሚጠብቀው።